ከሲኤምሲ ወሎ ሰፈር ደርሶ መልስ፦ የኋላ ፍሬን ጉዳይ

ለዚህ ጉዞ ያነሣሣኝ አንድ ገጽ ቅጽ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ለዓመታዊ ምርመራ ያቀረብኳት ከፍ ያለችው የቤተሰባችን መኪና ወደቀች። መርማሪው ቅጹን ሲያስረክበኝ፣ «ጋሼ፣ የኋላ ፍሬኗ ግራና ቀኙ አልተመጣጠነም። አስተካክለው ሐሙስ ይመለሱ» አለኝ። በመንግሥት አገልግሎት ዘመኔ ጉድለት ያለበትን ብዙ ማመልከቻ መልሻለሁ፤ በስሜ የቀረበ ጉዳይ ሲመለስ ግን ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ቤት ስደርስ ልጄ ሰብለ ቅጹን ቆማ አነበበችው።

«አባዬ፣ በቃ። ቁልፉን ለእኔ ስጠኝና እማዬ በታክሲ ትመላለስ።»

ባለቤቴ አስካለ ሐምሌ ላይ ጉልበቷን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል። በሳምንት ሦስት ቀን ለጉልበት እንቅስቃሴ ሕክምና ኦሎምፒያ ወዳለው ክሊኒክ የማደርሳት እኔ ነኝ። መኪና ውስጥ ስትገባ መጀመሪያ ትቀመጣለች፣ ከዚያ አንዱን እግር፣ ቆይታ ሌላውን ታስገባለች። ባለፈው ወር በታክሲ ስትሄድ ሾፌሩ ሁለተኛው እግሯ ሳይገባ ጥሩንባ ነፍቶባታል። ይህን አልረሳሁም።

«ሐሙስ ካለፈችስ?» አልኩ።

«ካለፈች አፌን እዘጋለሁ። ከወደቀች ቁልፉ የእኔ ነው።»

ተስማማን። ሁለት ጋራዦች ዘንድ ደወልኩ፤ ሁለቱም ተራ የሰጡኝ ለሚቀጥለው ሳምንት ነው። እኔም በሥራ ዘመኔ ስድስት ዓመት የመኪና ስምሪት ክፍል ኃላፊ ሆኜ ከመካኒኮች ጋር ውያለሁና፣ ቱታዬን ለበስኩ።

ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8፡00፤ ግቢያችን

የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፌ፣ የኋላዋን በክሪክ አንሥቼ በብረት ደጋፊዎች ላይ አሳረፍኳት። የእጅ ፍሬኑ ተለቋል። የቀኙን ጎማ በአንድ ጣት ገፋሁት፤ ዞረ። የግራው ግን ግማሽ ዙር ሳይሞላ እያቃሰተ ቆመ። ጎማውን ፈትቼ ሳየው የፍሬን ሸራው እስከ ብረቱ አልቋል፤ ዲስኩም ግሎ ሰማያዊ ቀለም ይዟል።

አስካለ በተከፈተው በር አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጣ በምርኩዟ የፍሬኑን ፔዳል እንድትጫንልኝ ጠየቅኳት።

«ተጫኚ! ልቀቂ!»

«እግሬ ቢያቅተው ምርኩዜ ሾፌር ወጣው» አለች።

ስትጫን በሁለቱም በኩል ያዘ፤ ስትለቅ ግን ግራው አልለቀቀም። ቀጥሎ የእጅ ፍሬኑን የሚስበውን የሽቦ ገመድ፣ ካቦውን፣ ከግራው ጎማ በኩል ነቀልኩት። ዲስኩ ወዲያው ተፈታ። ስለዚህ ጥፋተኛው ካቦው ነው፦ በሽፋኑ ውስጥ ዝጎ፣ እጀታው ቢወርድም እሱ እንደተሳበ ቀርቷል። ለምን እንደዛገ ግን አላወቅኩም።

ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡30፤ ወሎ ሰፈር

ካቦውንና ያለቁትን ሸራዎች በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ እያንዳንዱ ላይ «የኋላ ግራ፣ ውስጥ»፣ «የኋላ ግራ፣ ውጭ» የሚል ወረቀት ለጥፌ፣ በአሮጌው የቢሮ ቦርሳዬ ያዝኩ። ከሲኤምሲ መገናኛ፣ ከመገናኛ ቦሌ፣ ከዚያ ወሎ ሰፈር፤ ሦስት ታክሲ። መገናኛ ላይ ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ቆምኩ።

በመጀመሪያው መለዋወጫ ሱቅ ወጣቱ ሻጭ ናሙናዬን በዐይኑ ብቻ አይቶ አንድ ካርቶን ሸራ ዘረጋልኝ። «ፋዘር፣ ያው ነው። ፐርፌክት ይገባል።» ማስመሪያዬን አውጥቼ ለካሁት፤ በአራት ሚሊሜትር ይሰፋል። አመስግኜ ወጣሁ።

በሁለተኛው ሱቅ ያገኘሁት የሱቁን ባለቤት ሐያትን ነበር። ወረቀቶቹን ስታይ ሳቀች።

«ጋሼ፣ ይሄ ፍሬን ነው ወይስ የፍርድ ቤት ማስረጃ?»

ካቦውን በጣቶቿ ሳብ አድርጋ አየችው። ከዚያ፣ «መኪናዋ ክረምቱን ቆማ ነበር?» አለችኝ።

«ባለቤቴ ታማ ሁለት ወር አልነዳኋትም። በሥርዓት ነው ያቆምኳት፤ አጥቤ፣ በላስቲክ ሸፍኜ፣ የእጅ ፍሬኗን አጥብቄ ስቤ።»

«ከነውሃዋ?»

«አዎ፣ ሳላደርቃት።»

«በሉ እንግዲህ፣ እርጥበቱ ላስቲኩ ውስጥ ታፍኖ ነው፤ ካቦውን የበላው ጥንቃቄዎ ነው» አለች። «ብዙ ስትቆም ማርሽ ያስገቡ፣ ጎማዋ ሥር ድንጋይ ያድርጉ፣ የእጅ ፍሬኑን ይልቀቁት። ደግሞ ሸራውን የሚገፋውን ፒስተን በጉልበት እንዳይገፉት፤ የዚች መኪና እየዞረ ነው የሚገባው።»

ካቦና ለሁለቱም ጎማዎች የሚሆን ሸራ ገዛሁ፤ ለብልሃቱ ግን አላስከፈለችኝም። ከዚያ የአስካለን የሐሙስ ቀጠሮ ለማረጋገጥ በእግሬ ኦሎምፒያ ደረስኩ፤ እዚያው ሽሮ በላሁ። ምሳው ጥሩ ነበር፤ እኔ ግን ያንን ላስቲክ እያሰብኩ በላሁት።

ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡15፤ ግቢያችን

ሐያት ባትነግረኝ ኖሮ ፒስተኑን እገፋው ነበር። በፒንሳ ይዤ እያዞርኩ ስጫነው ቀስ በቀስ ገባ። አዲሱን ካቦ በአሮጌው መንገድ አሳልፌ አሰርኩ፤ ሸራዎቹን በሁለቱም በኩል ቀየርኩ። ሰብለ ከሥራ ስትመለስ የመጨረሻውን ቡሎን እያጠበቅኩ ነበር።

«ምን ሆና ነው ታዲያ?»

መዋሸት ቀላል ነበር። «እኔ ነኝ ያበላሸኋት» አልኩና የላስቲኩን ነገር ነገርኳት።

«አባዬ! ነገ ከወደቀች እኮ ይሄንኑ ነው የምጠቅስብህ።»

«ጥቀሺ።»

ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግሜ ረገጥኩ። ጭር ባለው የሰፈራችን መንገድ ላይ በዝግታ እየነዳሁ ብዙ ጊዜ ቆምኩ። ወርጄ የሁለቱን ጎማዎች ቸርኬ በእጄ ዳሰስኩ፤ ሙቀታቸው እኩል ነው።

ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡00

አስካለ ቀጠሮዋ 5፡00 ስለነበር አብራኝ መጣች። የኋላ ጎማዎቹ በመመርመሪያው ማሽን ላይ ሲያርፉ ቆሜ ማየት አልቻልኩም፤ ቦርሳዬን ከፍቼ ዘጋሁ። መርማሪው ማሽኑን አይቶ ወደ እኔ ዞረ።

«የት ጋራዥ አሠሩት?»

«ቤቴ።»

ቀና ብሎ አየኝና ማኅተሙን አነሣ። ከዚያ ኦሎምፒያ ሄድን። ለአስካለ በሩን ከፍቼ፣ አንዱ እግር እስኪወጣ፣ ሌላውም እስኪከተል ጠበቅኩ።

ቤት ስንመለስ ሰብለ በር ላይ ቆማለች። ወረቀቱን አልጠየቀችኝም። ማርሽ አስገብቼ ሞተሩን ሳጠፋ፣ እጄ በልማዱ ወደ እጅ ፍሬኑ ሄደ፤ መለስኩት። ልጄ ጎንበስ ብላ ከአጥሩ ሥር አንድ ድንጋይ አነሣችና ከኋላው ጎማ ሥር አስገባችው።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት፣ የያዙትን ነገር መልቀቅም ጥበቃ መሆኑን ነው። በመኪናዋ ፋይል የመጨረሻ ገጽ ላይ እንዲህ ጻፍኩ፦ የብልሽቱ ምክንያት፣ የባለንብረቱ ስሕተት። የድጋሚ ምርመራ ውጤት፣ አልፋለች። ሐሙስ፣ ኅዳር 18 ቀን።