ትንሿ እጅ

በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት፣ ወሲባዊ ጥቃት የፈጸሙ ሰዎች ተይዘው በሚታከሙበት ግቢ የሕፃን ፎቶ አይገባም። ፖስታ ፈታሿ ማርሊስ ይህን ሽበታም ታካሚ አሥራ አንድ ዓመት ታውቀዋለች። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ እጆቹን ወደኋላ አጣምሮ ነው የሚቆመው። የገበያ ማስታወቂያ እንኳ ሲደርሰው ሳይገልጠው ይመልስላታል።

"አንቺ ቀድመሽ እዪው። ልጅ ካለበት ቁረጪው።"

ዛሬ ከእናቱ የገና ፎቶ መጣለት። ማርሊስ የእህቱን የልጅ ልጅ፣ ትንሿን ልጅ፣ በመቀስ ቆርጣ አወጣችና የቀረውን ሰጠችው።

"እማዬ አርጅታለች" አለ። ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ መለሰላት። በአሮጊቷ ትከሻ ላይ አንዲት ትንሽ እጅ ቀርታለች።

"ይቺንም።"

"እጅ ብቻ እኮ ናት።"

"አውቃለሁ፣ ማርሊስ። የልጅቷ እናት እጅም ያኔ ይቺኑ ታክል ነበር።"