የግመል ወተት በአባቴ ኩባያ

ነገር አዙሮ መናገር አልችልበትምና በጥፋቴ ልጀምር። አባቴን የላም ነው እያልኩ የግመል ወተት አጠጥቼዋለሁ። አንድ ቀን ሁለት ቀን አይደለም፣ ወር ሙሉ።

አባቴ ጡረታ የወጣ ወታደር ነበር። ከጎጃም መጥቶ ነገሌ የጦሩ ካምፕ አጠገብ ጎጆ ቀልሶ ቀረ። እናቴ ካረፈች ወዲህ የማበላውም የማጠጣውም እኔ ነበርኩ። ቆራቢ ነበር፤ ቦረናን እንደ አገሩ ይወዳል፣ ግመል ግን አይነካም። ሥጋውም ወተቱም ለእኛ ክርስቲያኖች አይሆንም።

ስኳሩ በጠናበት ዓመት ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ይወጋ ነበር። መርፌው ቢጨመርለትም ስኳሩ አልወርድ አለ። እግሩ ላይ የወጣችው ቁስል ደግሞ አልድን አለች። የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ለብቻዬ ጠርታ «በዚህ ከቀጠለ እግራቸው ያሰጋል» አለችኝ። ያ በተራራ ሲሮጥ የኖረ እግር ሲቆረጥ ታየኝ።

ገበያ ውስጥ ከፊልቱ በኩል የሚመጣ የግመል ወተት የምትሸጥ ሴትዮ ነበረች። «አካም፣ ናጋ?» ተባብለን ጭንቀቴን አጫወትኳት። «የእኛ ሽማግሎች ይሄን እየጠጡ ስኳር የሚባል አያውቁም» አለችኝ። አባቴ እንደማይነካው ስነግራት «ታዲያ አትንገሪያቸዋ!» ብላ ከት ብላ ሳቀች። እኔ ሞኟ ቀልዷን ምክር አድርጌ ይዤው ገባሁ።

ጊዜውም ተመቸኝ። ፋሲካ አልፎ ስለነበር ሃምሳው ቀን እስኪያልቅ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ጠዋት ጠዋት አፍልቼ በትልቁ ኩባያ እሰጠዋለሁ። አንድ ቀን ኩባያውን ዘንበል አድርጎ እያየ «ሰልባቦቱ የታለ?» አለኝ። የግመል ወተት እንደ ላም ሰልባቦት አይይዝም፤ የት ልግባ! «ቅባት ለአንቱ አይሆንም ስለተባለ ገፍፌው ነው፣ አባባ» አልኩት። «ተባረኪ ልጄ» አለኝ። ምላሴን በቆረጠው!

ስኳሩ እውነትም መውረድ ጀመረ። ሲስተሯ የለካችውን እያየች «ምን አዲስ ነገር አገኙ?» ብላ ጠየቀችው። አባቴም «ልጄ ናት የምትጠነቀቅልኝ» ብሎ በኩራት ወደ እኔ ዞረ። እሱ እዚያው ተቀምጦ እንዴት ልናገር? «ምንም አዲስ ነገር የለም» አልኩ። እውነቱን ብታውቅ የመርፌውን መጠን ትቀንስለት ነበር፤ ስላላወቀች በዚያው መጠን ቀጠለ። ወተቱ ደግሞ ሆዱን እየሞላው ምግብ እየተወ መጣ። «ጠግቤያለሁ» ሲለኝ ደስ ይለኛል እንጂ አልደነግጥም። ስኳር ያለበት ሰው ትንሽ ሲበላ ይሻለዋል ብዬ አምን ነበር።

አንድ ጠዋት መርፌውን ተወጋ፣ ወተቱን ጠጣ፣ ቂንጬውን ግን ሳይነካ ተወው። ትንሽ ቆይቼ ስወጣ ደጃፍ ላይ ላብ አጥምቆት እየተንቀጠቀጠ አገኘሁት። ያየኛል፣ አያውቀኝም። «ሰልፍ ግቡ!» ይለኛል። ጎረቤት ጠርቼ በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረስነው።

ሲስተሯ ጣቱን ወግታ ለካችና ፊቷ ተለዋወጠ። ስኳሩ ከመጠን በላይ ወርዶ ነበር። ግሉኮስ ሰክታለት ወደ እኔ ዞረች። «ምንድን ነው የምትሰጫቸው? ዛሬ ካልነገርሽኝ ሌላ ቀን ትቀብሪያቸዋለሽ!»

አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ስጨርስ ቀና ብል አባቴ ዓይኑን ገልጧል። ሰምቶኛል።

አልጮኸም። ቢጮህብኝ፣ ቢሰድበኝ በወደድኩ። «በዚህ ወር እኮ ቆርቤያለሁ» አለ፣ ቀስ ብሎ።

«እግርዎን ላድን ብዬ ነው፣ አባባ።»

«እግሩ የኔ ነው። ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?»

 

የንስሐ አባቱ ቀኖና ሰጡት፣ ፈጸመ። መርፌው ተስተካክሎለት ቁስሉም ዳነ፤ በሁለት እግሩ እየሄደ ዓመታት ኖረ። ይቅር ብዬሻለሁም ብሎኛል፣ በአፉ። ግን እስኪሞት ድረስ ምንም የሚጠጣ ነገር ባቀርብለት ኩባያውን ይዞ ቀና ብሎ ያየኝ ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ውሃ ነው፣ አባባ» እለዋለሁ።

መልሶ ይዘረጋልኝና እኔ እስክቀምስለት ይጠብቃል።