ያልተቀመሰ አይጠጣም

ለቅሶ የመጣችሁ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ፤ ግን አጎቴን "ገር ሰው ነበሩ" አትበሉብኝ።

ወይን ሲከፍቱ እንኳ ጠርሙሱን እንደ ዶሮ አንገቱን አንቀው ነበር የሚይዙት። እዚህ ውጭ አገር፣ ሰፈራችን ፎረስት ሎን ካለው መጠጥ መሸጫ ሁልጊዜ የሚገዙት ከታችኛው መደርደሪያ ላይ ያለውን፣ ከተለያየ ወይን የተደባለቀ ርካሽ የስፔን ቀይ ነው። "ብቻውን የሚኮራ ወይን አዋዜ አይችልም" ይላሉ። ለሰው ከመቅዳታቸው በፊት እንደ ጠላ አሳላፊ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ይቀምሳሉ። "ደህና ነው፣ ጠጡ" ካላሉ ማንም አይነካም።

ባለፈው ፋሲካ ባለቤቴ ውድ የፈረንሳይ ወይን ይዞ መጣና ሳይቀምስ ለሁሉም ቀዳ።

"በእኔ ቤት ያልተቀመሰ አይጠጣም" ብለው ጠርሙሱን ነጥቀው ግድግዳው ላይ ፈጠፈጡት። እሱ ኮሌታቸውን ያዘ፣ እሳቸው በቡጢ ከንፈሩን ሰነጠቁት። ስንገላግል ጠረጴዛው ተገለበጠ። ከዚያ ጋሼ እያለከለኩ የስፔኑን ከፈቱ፣ ቀመሱ፣ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ለእሱ ሰጡት። ከደሙ ጋር ጠጣው።

"ጋሼ፣ ይሄ ከኔው ወይን ይበልጣል" አላቸው።

አርባቸው ዕለት ባለቤቴ ያንኑ የስፔን ወይን ገዝቶ መጣ። የአክስቴ ልጅ ከፍቶ ዝም ብሎ ለእንግዳ መቅዳት ሲጀምር ጠርሙሱን ነጥቄ ሲንኩ ውስጥ ከሰከስኩት።

"ማን ቀመሰው?"

ሰው ሁሉ ሳያስበው ወደ አጎቴ ባዶ ወንበር ዞረ።

ባለቤቴ ሌላ ጠርሙስ አንገቱን አንቆ ከፈተ። መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ በዚያ ፋሲካ ተሰንጥቆ በተሰፋ ከንፈሩ ቀመሰ።

"ደህና አይደለም" አለ። "ግን ጠጡ።"