መጽሐፉ የሚከፈትበት ጎን

ልጅ ሳለሁ፣ ጎንደር ገጠር፣ አባቴ ማታ ማታ ምድጃው ዳር ተረት ይነግረን ነበር። የእሱ ተረት ደም ነበረው፤ ጅቡ የአህያዋን ሆድ ሲዘረግፍ፣ አጥንቷን ሲቆረጥም፣ ጢሱ ዓይናችንን እያቃጠለው አፋችንን ከፍተን እንሰማለን። ታናሽ ወንድሜ ደሴ ሲጠሩት ዞር አይልም፣ አይናገርም። ተረቱን ግን ቃል በቃል ያውቀዋል፤ አባቴ ሲናገር የደሴ ከንፈር አብሮ ይንቀሳቀሳል።

አንድ ማታ አባቴ ደክሞት ነው መሰለኝ፣ አህያዋ አመለጠች ብሎ ተረቱን ቆረጠው። ደሴ ጮኸ። ግንባሩን ከምድጃው ድንጋይ ጋር አላተመ፣ ደግሞ አላተመ፣ ደሙ ዓይኑ ውስጥ እስኪገባ። አባቴ «ይሄ ልጅ ንቆኛል!» አለና አለንጋውን ከግድግዳው አወረደ። እናቴ «ኧረ በፈጠረህ፣ ገደልከው!» እያለች መሃል ብትገባ እሷንም ዠለጣት። ያኔ ልጁ ምን እንደጠየቀ ማናችንም አልገባንም። ጎልምሶ፣ ወደ እስራኤል ስንሰደድ በሱዳን መንገድ ላይ ሞቶ እስኪቀርብን ድረስ ያ ከንፈር ዳግም አልተንቀሳቀሰም።

አሁን እስራኤል አገር፣ ፔታህ ቲክቫ ከተማ ነኝ፣ ልጄ አስማማው ቤት። የእሱ ልጅ ሺራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ኦቲዝም አለባት፣ አትናገርም። የመዋለ ሕፃናቷ መምህርት፣ ጋነኔቷ፣ መጽሐፍ ሰጥታን «አብራችኋት እዩ» አለች። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። አንድ ቀን ከሰዓት መጽሐፉን የቤተ እስራኤል ቄሶቻችን የግዕዙን ሲከፍቱ እንዳየሁት በግራ በኩል ከፈትኩና ስዕሉ ላይ ያለውን ውሻ ጅብ አድርጌ የአባቴን ተረት ጀመርኩ።

ሺራ ጮኸች። አውራ ጣቴን ነከሰች፣ ጥርሷ እስኪሰምጥ። ጭንቅላቷን ከወለሉ ጋር ታጋጨው ጀመር። አስማማው ከኪርያት አርዬ ፋብሪካ መግባቱ ነበር፤ ጫማውን ሳያወልቅ «ዳይ! በቃ ሺራ!» እያለ እጁን አነሳ። ያ እጅ የአባቴ እጅ ነበር። ያዝኩት።

«አባባ፣ ይልቀቁኝ! ነክሳዎት ዝም ልበላት?»

«ዝም በላት።»

ጠመዘዘኝ፣ ጠመዘዝኩት፤ ሽማግሌ ብሆንም አለቀቅሁትም፤ ከግድግዳው ጋር ተጋጨን። እያለከለክን ሳለ ጩኸቱ ቆመ። ሺራ መጽሐፉን አንስታ ገለበጠችው፣ በቀኝ በኩል ከፈተችው፣ ጣቷን ፊደሎቹ ላይ ከቀኝ ወደ ግራ እየጎተተች ሄደች።

አስማማው ክንዱ ላላ። «በዕብራይስጥ እኮ ከቀኝ ነው፣ አባባ» አለ ቀስ ብሎ። «ከመጨረሻው ጀምረውባት ነው።»

«እሷ ታውቅ ነበራ!»

እሱ ያነሳውን እጁን ያይ ነበር።

ከምድጃው ዳር የቀረልኝ ጅቡና የአለንጋው ድምፅ ነው፤ ሁለቱን ለያይቼ አስቤ አላውቅም። ዛሬ ግን ተረቱን አንድ ቃል ሳልቀንስ፣ ከነደሙ፣ ለሺራ እነግራታለሁ፤ እሷም የጥርሷ ጠባሳ ያለበትን አውራ ጣቴን ይዛ የመጀመሪያው ፊደል ላይ ታስቀምጥልኛለች፣ ከንፈሯም ይንቀሳቀሳል።