ሱፍ ለብሼ ከሮለር ኮስተሩ ሥር

ማክሰኞ ጠዋት ዳላስ አጠገብ ካለችው ጋርላንድ የወጣሁት ሱፍ ለብሼ ነው። የሚያውቀኝ ሰው ሱፍ የምለብሰው ለሠርግ፣ ለለቅሶና ለፍርድ ቤት ብቻ እንደሆነ ያውቃል። የዕለቱ ጉዳይ ከሦስቱም አልነበረም፤ ጋሽ ሙሉጌታን አርሊንግተን አድርሼ ስለ ሥራቸው ልናገርላቸው ነበር። እኔ ነጋዴ ነኝ። ከተዘጉ ምግብ ቤቶች ወንበርና ጠረጴዛ እገዛለሁ፣ ለሚከፈቱት እሸጣለሁ። ሶ፣ ከአፌ ሌላ ዲግሪ የለኝም።

ጋሽ ሙሉጌታ አናጢ ናቸው። በአንድ መዝናኛ ፓርክ ውስጥ ያለውን፣ ሰው የጫነ ባቡር ሽቅብ ቁልቁል የሚበርበትን አሮጌ የእንጨት ሮለር ኮስተር በየማለዳው እየወጡ፣ እንጨቱን በመዶሻ መታ መታ እያደረጉ ሲያዳምጡ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል። አሁን ፓርኩ ሊቀይረው ነው። ከላይ ያለው የእንጨት ሐዲድ ተነቅሎ የብረት ይገባል፤ በአንድ ባቡር ፋንታም ሁለት ባቡሮች ጎን ለጎን ይሽቀዳደማሉ። ከድሮዎቹ አናጢዎች ማን እንደሚቀር፣ ማን እንደሚሰናበት የሚወስነው አዲስ የመጣ ፎርማን ነው። የሳቸው ተራ ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ነው።

ቅዳሜ ዕለት ደውለው፣ “የሚናገርልኝ ሰው ባገኝ” አሉኝ። ገባኝ። እኛ አገር ሰው ስለ ራሱ አያወራም፤ ሰው ይዞ ይሄዳል።

ሜስኪት፣ ሁለት ሰዓት

አፓርታማቸው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል።

“ምንድነው እሱ?”

“መዶሻዬ ነው።”

“ለኢንተርቪው መዶሻ?”

“ባዶ እጄን አልሄድም።”

ነዳጅ ማደያው ጋ ሁለት የእንቁላል ሳንድዊች በዘጠኝ ዶላር ገዛሁ። የኔን ሳላኝክ ዋጥኩት። እሳቸው የድርሻቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው እንደ አራስ ልጅ ደግፈውት ተቀመጡ።

ሃይዌይ ሠላሳ

ዳላስ መሀል ስንደርስ መንገዱ ቀጥ አለ። ከፊታችን አንድ ፒክአፕ ተገልብጧል።

“ደረጀ፣ ስንት ሰዓት ነው?”

“እንደርሳለን።”

“አንደርስም አላልኩም። ስንት ሰዓት ነው?”

ሦስት ከሃያ ነበር። ሦስት ከአሥር አልኳቸው። ነጋዴ ነኝ ብያለሁ።

“ብረት አላውቅም” አሉ። “እንጨት ሲያመው ይናገራል። ብረት ምን እንደሚል እንጃ። የባለቤቴ የኩላሊት ሕክምና ደግሞ በዚሁ ሥራ ኢንሹራንስ ነው።” ይህን ሲሉ መስኮቱን ነው የሚያዩት። እኔም መሪውን ጨበጥ አደረግኩ፤ መጨበጥ መኪና የሚያስኬድ ይመስል።

አርሊንግተን፣ ለአራት ሰዓት አምስት ጉዳይ

ፓርኩ በሥራ ቀን ዝግ ስለሆነ ፓርኪንጉ ባዶ ሜዳ ነው፤ ቢያንስ ክፍያ ተረፈን። ሮለር ኮስተሩ ገሚሱ ተገፏል። የተነቀለው ሳንቃ ከሥሩ ተቆልሏል። ስንት ጠረጴዛ እንደሚወጣው ስቆጥር ራሴን ያዝኩት።

ፎርማኑ ከኮንቴይነር ቢሮው ወጣ። ጨበጥኩትና በእንግሊዝኛ፣ “ስለ ሚስተር ሙሉጌታ ልናገር ነው የመጣሁት” አልኩት።

ሱፌን አየ። ለሞገስ ብዬ ብብቴ ሥር የያዝኩትን ፎልደር አየ። ፊቱ እንደ ሱቅ መዝጊያ ወረደ።

“ሥራ ላይ ተጎድቷል?”

“ኖ፣ ኖ! ጤነኛ ነው።”

“ታዲያ ጠበቃ ለምን አስፈለገ?”

“ጠበቃ አይደለሁም። ወንበር ነጋዴ ነኝ።”

ይህ ነገሩን አላሻሻለውም። ስልኩን አውጥቶ ለዋናው ኦፊስ ኮል ሊያደርግ ሲል ጋሽ ሙሉጌታ ወደኔ ጠጋ አሉ።

“ምን አለ?”

“ልንከሰው የመጣን መስሎታል።”

“ምን ብለኸው ነው?”

“ገና ምንም!”

“እንግዲያው በዚያው ዝም በል።”

ፎርማኑ ስልኩን እንደያዘ ወደሳቸው ዞረ። “ባለፈው ጸደይ ትልቁ ከፍታ ሥር የበሰበሰውን ቋሚ ያገኘው ማነው?”

“እኛ ነን” አሉ ጋሽ ሙሉጌታ በተሰባበረ እንግሊዝኛ። “ሁላችንም።”

እግራቸውን ልረግጣቸው ምንም አልቀረኝ።

“እኛ የሚባል ሰው ዝርዝሬ ላይ የለም” አለ ፎርማኑ።

ጋሽ ሙሉጌታ ፎጣውን ፈቱ፣ መዶሻውን ይዘው ወደ ሮለር ኮስተሩ ሄዱ። እኛም ተከተልናቸው። ደህና ነው፣ አይነቀልም ተብሎ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ የእንጨት ቋሚ ጋ ቆመው ከፍ ብለው አንዴ፣ ዝቅ ብለው አንዴ መቱት። ጆሯቸውን ለጠፉበት። ለኔ ሁለቱም ምት አንድ ዓይነት ነው።

“ይሄ፣ ኖ” አሉ።

“ትናንት ታይቶ አልፏል” አለ ፎርማኑ።

በጣታቸው ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍ ያለውን ቦታ አሳዩት። ፎርማኑ ድሪል አስመጥቶ አስበሳው። መጀመሪያ የወጣው ደረቅ ነጭ ብናኝ ነው። አለቅን ብዬ ጫማዬን አየሁ። ድሪሉ ጠለቅ ሲል ግን ጥቁር፣ እርጥብ፣ ጭቃ የመሰለ ነገር ይፈስ ጀመር።

ፎርማኑ ስልኩን ኪሱ ከተተ። “ሁለቱም ባቡሮች የሚያልፉት እነዚህ ቋሚዎች ላይ ነው” አለ ቀስ ብሎ። “እንዲህ ያለ ስንት አለ?”

“አብረን እናያለን።”

ብርቱካናማ ቀለም የሚረጭ ቆርቆሮ ሰጣቸው፤ የታመመውን ሁሉ ምልክት እንዲያደርጉበት። “ሥራህ እንዳለ ነው። ነገ በአንድ ሰዓት ና።” ከዚያ እኔን አየኝ። “ይሄን ሰውዬ ግን ቤት ተወው።”

ስለ ሳንቃው ልጠይቀው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ከጠበቃ ወደ ነጋዴ በአንድ ቀን ሁለቴ መውረድ ከበደኝና ተውኩት።

ወደ ቤት

ሳንድዊቹን የበሉት ስንመለስ ነው፤ ቀዝቅዞ፣ እስከ ፍርፋሪው። የሜስኪት መውጫ ስንደርስ፣

“ደረጀ” አሉ።

“አቤት።”

“ያን የበሰበሰ ቋሚ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ብቻዬን።”

“አውቃለሁ።”

“ለማንም እንዳታወራ።”

“አላወራም።”

ጋርላንድ ገብቼ ሱፉን ሰቀልኩት። እስከዛሬ ዕቃ የሚሸጠው አፍ ነው ብዬ ስኖር፣ ዛሬ አፌ ሊያስባርራቸው የነበረውን ሰው መዶሻቸው ሥራቸው ላይ አስቀራቸው። ቃሌን ግን ጠብቄያለሁ። ለማንም አላወራሁም፤ ጻፍኩት እንጂ።