በአባዬ ስም የሄደው ሣጥን

ልጅ ሳለሁ ተረት የሰማሁት ጋራዥ ውስጥ ነው። ሴንቴኒያል ሂልስ በሚባለው ሰፈር ያለው ቤታችን የጭስ ማስጠንቀቂያው በትንሽ በትልቁ ስለሚጮህ፣ እማዬ ገብስ የምትቆላው መኪናው ከወጣ በኋላ፣ የጋራዡ በር እስከ ግማሽ ተከፍቶ፣ በትንሽ የጋዝ ምድጃ ላይ ነበር። ሰማያዊው እሳት፣ የሚንጣጣው ገብስ፣ በበሩ ሥር ሾልኮ ወደ በረሃው አየር የሚወጣው ጭስ፣ የካርቶንና የፕላስተር ሽታ፣ ከጣሪያው የተንጠለጠለችው ቢጫ አምፖል፤ ያኔ ተረት ማለት ለእኔ ይህ ሁሉ አንድ ላይ ነበር። ምናልባት አንዳንዱን ከጊዜ በኋላ የጨመርኩት እኔ እሆናለሁ። አምፖሏ ግን ቢጫ እንደነበረች እርግጠኛ ነኝ፤ አባዬ ሲቀይራት መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ገብሱ የሚቆላው ለእህቴ ለማህሌት ነበር። ማህሌት በዘጠኝ ዓመት ትበልጠኛለች። እሷ አዲስ አበባ ፊደል ቆጥራ የመጣች ናት፤ እኔ እዚሁ ላስ ቬጋስ ነው የተወለድኩት። ባሕር ኃይል የገባችው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነኝ እሷ ለወራት ወደብ በማታይ መርከብ ላይ ነበረች፤ እኛም በየወሩ አንድ ሣጥን እንልክላት ነበር። እኛ ስል እማዬንና እኔን፣ ጋሽ ዘነበንም ነው። አባዬ አልነበረበትም።

የአባዬ ታላቅ ወንድም በወጣትነቱ ለውትድርና ሄዶ አልተመለሰም፤ የተቀበረበት እንኳ አይታወቅም። ስለዚህ ማህሌት መፈረሟን የነገረችው ቀን አባዬ አልጮኸም። «ሳትጠይቂኝ ፈረምሽ፤ እንግዲህ ሳትሰናበቺኝም ሂጂ» አላት። እሷም እንዳላት ሄደች። ከዚያ በኋላ እሷ በደወለች ቁጥር ታክሲ የሚነዳው አባዬ፣ ሺፍቱ ባይደርስም፣ የመኪናውን ቁልፍ አንሥቶ ይወጣል። እኔ ያኔ የምፈራው አንድ ነገር ነበር። እሷ ባሕር ላይ አንድ ነገር ብትሆን የአባዬ የመጨረሻ ቃል ያ ሆኖ እንዳይቀር። ይህን ለማንም አልነገርኩም። እንዴት እንደሚነገርም አላውቅም ነበር።

ጋሽ ዘነበ የአባዬ የሰፈር ልጅ ናቸው፤ በዕድሜ ግን ይበልጡታል። በወጣትነታቸው ምጽዋ ባሕረኛ ነበሩ። ሣጥኑን በምንልክበት ጊዜ ደግሞ መሃል ከተማ አንድ የቁማር ካዚኖ ውስጥ በጥበቃ ሥራ ላይ ነበሩ። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ፣ የሥራ ልብሳቸውን በፌስታል አንጠልጥለው ይመጣሉ፤ የማታው ሺፍታቸው እስኪደርስም ጋራዡ ውስጥ ከሣጥኑ ጋር ይውላሉ።

የመጀመሪያውን ሣጥን እሳቸው ሳይኖሩ ነበር ያሸግነው። ከሳምንታት በኋላ ማህሌት በኢሜይል «ቆሎው ሳሙና ሳሙና ይላል፤ ግን በአንድ ቀን አለቀ» ብላ ጻፈች። ጋሽ ዘነበ ይህን ሲሰሙ እማዬን ዞር ብለው አዩዋት።

«አልማዝ፣ ቆሎውንና ሳሙናውን ምን አንድ ላይ አስተኛቸው?»

«ቦታ ጠቦኝ ነዋ፣ ጋሽ ዘነበ!»

«በይ እንግዲህ በቆሎው ትታጠብ፣ ሳሙናውን ትቆርጥም!»

እማዬ ማማሰያውን ይዛ እስክታጎነብስ ድረስ ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማሸጉ ሕግ የጋሽ ዘነበ ሆነ። ሳሙና ለብቻው በሁለት ፌስታል ይታሰራል። የሚቀልጥ ነገር አይገባም። በዕቃዎቹ መካከል የሚቀረው ክፍተት በካልሲ ይሞላል፤ ካልሲ ባሕር ላይ መቼም አይበዛምና። ቆሎው ደግሞ ለአንድ ሰው ሳይሆን ለአሥር ሰው ይለካል፣ ምክንያቱም መርከብ ላይ ሣጥን ብቻውን የሚከፍት የለም። እኔ ይህን ሁሉ በደብተር እጽፍ ነበር። እሳቸውም «አቶ ጸሐፊ፣ ይቺንም ያዛት» እያሉ ያሾፉብኛል። ሲያሾፉብኝ ግን ቀስ ብለው ነበር የሚናገሩት፣ ጽፌ እንድደርስባቸው።

በሦስተኛው ሣጥን ቀን ነው ያን ተረት ያወሩት። ከጋራዡ ወደ ወጥ ቤት የሚያስገባው በር ገርበብ ብሏል። አባዬ ሳሎን ውስጥ ኳስ እያየ ነው፤ የቴሌቪዥኑ ጩኸት እኛ ድረስ ይመጣል።

«ተረት ተረት!» አሉ ጋሽ ዘነበ፣ ካልሲ እየጠቀለሉ።

«የመሠረት!» አልን እኔና እማዬ።

ከባሕሩ ዳር የሚኖር አንድ ሽማግሌ ነበር። ልጁ ሳያስፈቅደው በጀልባ ተሳፍሮ ስለ ሄደ፣ ጎረቤት ሰብስቦ «ከዛሬ ጀምሮ ስሙን አልጠራም» ብሎ ማለ። በዚያው ዕለት ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ደጁ ላይ እንጨት ተክሎ ፋኖስ ሰቀለ። ጎረቤቶቹ «ለማን ነው?» ቢሉት «ለዓሣ አጥማጆቹ ነው፤ በጨለማ ድንጋይ ላይ እንዳይወጡ» አላቸው። ዓሣ አጥማጆቹ ሳቁ። ያን ባሕር ዓይናቸውን ጨፍነው ያውቁታል፤ አርባ ዓመት ሙሉም ፋኖስ ሰቅሎላቸው አያውቅም። ነፋስ ሲበረታ ሽማግሌው ፋኖሱን አውርዶ በኩታው ከልሎ አቅፎት ያመሻል። አንድ ቀን ላምባው አለቀ። ያን ጊዜ ለወጡ ያስቀመጣትን ዘይት ፋኖሱ ውስጥ ጨመረ፤ እራቱንም ደረቁን በላ።

ጋሽ ዘነበ እዚህ ላይ ተረቱን አቁመው ሌላ ካልሲ አነሡ። ገብሱ ይንጣጣል። ከሳሎን የሚመጣው የኳስ ጩኸት መቼ እንደ ቆመ አላውቅም፤ ያን ጊዜ ግን ቆሞ ነበር።

«ከዚያስ?» አልኩ።

«ከዚያማ የማህሌት ነው። ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ!»

እማዬ በዳቦ ፈንታ ከትኩሱ ቆሎ አንድ እፍኝ ሰጠቻቸው። እሳቸው ባሕረኛ በነበሩበት ጊዜ ከቤት የሚላክ ደብዳቤ ውስጥ እንዲህ ተረት እየተጀመረ ይቀር እንደነበር ነገሩኝ። «ፍጻሜ ያልሰማ ሰው ሳይጽፍ አያድርም። የሚያፍረውም፣ የሚኮራውም ይጽፋል። አፏን የሚያብሰውን እኛ ልከናል፤ ተረቱን እሷ ትመልስ።» እኔም ተረቱን በደብተር ወረቀት ላይ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት በተማርኳት ደካማ ፊደሌ፣ እየሰረዝኩና እየደለዝኩ ጻፍኩት። ወረቀቱን ከቆሎው በላይ፣ ከሳሙናው በጣም አርቄ አስቀመጥኩት።

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት በኋላ እማዬና እኔ ፖስታ ቤት ሄድን። ባለፈው ሣጥን ጊዜ ፎርሙን የሞሉት ጋሽ ዘነበ ነበሩ፤ የዚያን ቀን ሥራ ላይ ስለ ነበሩ እማዬ «አንተ ሙላው» ብላ ሰጠችኝ። በሣጥኑ ውስጥ ያለውን አንድ በአንድ ዘረዘርኩ፤ ስድስት ጥንድ ካልሲ፣ የተቆላ ገብስ፣ ሳሙና። የተቀባይ ስም ጻፍኩ። ከዚያ የላኪ ስም የሚለው ቦታ ላይ ደረስኩ።

እንዲህ ብዬ አሰብኩ። ወደ ቤታችን የሚመጣው ደብዳቤ ሁሉ፣ የውኃውም የመብራቱም፣ በአባዬ ስም ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ የአድራሻው ባለቤት አባዬ ነው። ሐሳቡ ትክክል ይመስል ነበር። ነገር ግን ይህን ብቻ ብል እውነቱን ግማሹን መናገር ይሆንብኛል። እዚያ ቦታ ላይ የእማዬ ስም እንደሚጻፍ አውቅ ነበር፤ ጋሽ ዘነበ ሲጽፉት አይቻለሁ። እማዬ ወረፋውን እያየች ነበር። በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ እንዳይጣመሙ የትምህርት ቤት መታወቂያ ካርዴን ጠርዝ እንደ ማስመሪያ ከሥር አድርጌ፣ የአባዬን ሙሉ ስም ጻፍኩ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት ረዘሙብኝ። ሣጥኑ የት ሊደርስ እንደሚችል በየቀኑ በካሌንደር ላይ ምልክት አደርግ ነበር። ያደረግሁት ነገር እየቆየ ስሙ ተገለጠልኝ፤ ውሸት ነበር። እህቴ ታምነው ይሆናል፤ ካመነችው በኋላ ብታውቅስ? አንድ ቀን የፖስታ ሣጥናችንን ስከፍት፣ ውስጡ ለአባዬ የተላከ የማህሌት ደብዳቤ አገኘሁ። ለእማዬ አይደለም፤ ለአባዬ። ሂሳብ ደብተሬ ውስጥ ከትቼ ሁለት ቀን አስቀመጥኩት። በሦስተኛው ቀን ከዚያ በላይ መሸከም አቅቶኝ፣ ከሰዓት በኋላ አባዬ ከሥራ ከመግባቱ በፊት ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

አባዬ ቁልፉን እንደያዘ ቆሞ ከፈተው። አንድ ገጽ ነበር። አንብቦ ሲጨርስ እንደገና ከላይ ጀመረ። ከዚያ ጫማ የምናወልቅባት ትንሽ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ።

«ናሆም!»

«አቤት፣ አባዬ።»

«ሣጥን ልኬላታለሁ እንዴ እኔ?»

ሁሉንም ነገርኩት። ፎርሙን፣ የላኪውን ቦታ፣ ሁለቱን ቀን። ስጨርስ ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ «ኮፒ አልሰጡህም?» አለኝ። ሰጥተውኛል፤ እኔ ኮፒ አልጥልም። ከፋይሌ አውጥቼ ሰጠሁት። ስሙን ለረጅም ጊዜ ተመለከተው።

«እኔ ራሴ እንዲህ አሳምሬ አልጽፈውም» አለ። ከዚያ ድምፁን ጠንከር አድርጎ «ግን በሰው ስም አይጻፍም። ገባህ?»

«ገባኝ።»

«ለእሑዱ እኔ እጽፋለሁ።»

በዚያ እሑድ አባዬ በወጥ ቤቱ በር ወደ ጋራዡ ብቅ ሲል፣ እማዬ ማማሰል አቆመች። ጋሽ ዘነበ ግን ቀና እንኳ ሳይሉ «ጌታቸው! ኳሱ አለቀ እንዴ?» አሉት።

«ቴሌቪዥኑ ተበላሽቶ ነው፣ ጋሼ።»

ቴሌቪዥኑ ከኋላው ጎል ገባ ብሎ ሲጮህ ሁላችንም እንሰማለን።

«አዎና» አሉ ጋሽ ዘነበ፣ «ለዓሣ አጥማጆቹ ነው።»

አባዬ ሳይስቅ አልቀረም፤ ፊቱን ወደ ካርቶኑ ስላዞረ በደንብ አላየሁትም። ደብዳቤውን ከኪሱ አውጥቶ ሰጣቸው፤ እሳቸውም ከአምፖሏ ሥር ቆመው የተረቱን መልስ አነበቡልን። ማህሌት ከልጅነቷ ወዲህ ያልለወጠችው የተንከረፈፈ ፊደል ነበራት፤ ጋሽ ዘነበ በየመስመሩ እየቆሙ ነበር ያነበቡት። ልጁ አንድ ምሽት መብራቱን ከሩቅ ያየዋል ትላለች። አብረውት ያሉት «ማን ነው ያበራው?» ይሉታል። እሱም «እሱን አልጠይቅም፤ ቤቴ ግን በዚያ በኩል ነው» ይላቸዋል።

የዚያን ቀን አባዬ ከእኛ ጋር ዋለ። የገብሱን ከረጢት አሰረ፤ ካልሲ ጠቀለለ። ካልሲ ሲጠቀልል እንደ ጋሽ ዘነበ አላማረለትም፤ እኔም አልፈታሁትም። በመጨረሻ አንድ የታጠፈ ወረቀት ከሣጥኑ ሥር ከተተ። በዝርዝሬ ላይ «አንድ ደብዳቤ» ብዬ ጻፍኩ፤ ምን እንደሚል ግን እስከ ዛሬ አላውቅም። የላኪውን ቦታ ራሱ ሞላው፤ ጽሑፉም እንዳለው ከእኔ ያነሰ ነበር።

ማህሌት አሁን እዚሁ ቬጋስ አካባቢ፣ ግሪን ቫሊ ትኖራለች። ጋሽ ዘነበ ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ባለፈው ዓመት ማህሌት ቤት ስትቀይር ዕቃ ሳግዛት ከአንድ የጫማ ካርቶን ውስጥ ያ ፎርም ወጣ፤ ከሣጥኑ ላይ ልጣ አስቀምጣው ኖሯል። ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የነገርኳት።

«አውቃለሁ እኮ» አለችኝ። «ናሆሜ፣ በማስመሪያ የሚጽፍ ሌላ ማን አለን?»

«ታዲያ ለምን ለአባዬ ጻፍሽለት?»

«አንተ ያ ሽማግሌ ‹ለዓሣ አጥማጆቹ ነው› ሲል አምነኸው ነበር?»

ጥያቄዋ ትክክለኛ መልስ አይመስለኝም። ሽማግሌው ፋኖሱን ራሱ ነው የሰቀለው፤ እኔ ግን ለአባዬ ሰቀልኩለት፤ ልዩነት አለው። ይህን ነገር ደጋግሜ መርምሬዋለሁ፤ ጥሩ ማድረጌን ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም። ፎርም ስሞላ የላኪው ቦታ ላይ ስደርስ አሁንም እጄ ትንሽ ይቆማል።

ማህሌት ግን እሑድ እሑድ ትመጣለች። መኪናዋን ደጅ ፓርክ አድርጋ የምትገባው በጋራዡ በር ነው። ያቺ አምፖል አሁንም እዚያው ተንጠልጥላለች፤ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐዩ ገና ሳይበርድ ትበራለች። ምን ያደርጋል ብዬ አንድ ቀን ላጠፋት እጄን ስሰነዝር አባዬ ከውስጥ ተጣራ።

«ተዋት! ሌባ እንዳይገባ ነው።»