የጨርቅ ሣጥኖቹና የእኔ ማብራሪያ

ከጡረታዬ በፊት ሥራዬ ከውጭ ለሚገባ ዕቃ በጉምሩክ ታሪፍ መጽሐፍ ውስጥ ተገቢውን ቦታ መፈለግ ነበር። ሰው ይህን ሥራ ያቃልለዋል። ጃንጥላን ጃንጥላ ብሎ መመደብ ምን ይከብዳል? የሚከብደው ሁለት ቦታ ሊገባ የሚችለው ዕቃ ነው። እንደዚያ ላለው ዕቃ ማብራሪያ የምጽፈው እኔ ነበርኩ፤ ቅርንጫፎችም በጻፍኩት ይሠሩ ነበር። ይህን ሳስበው ደስ አይለኝም ብል ውሸት ይሆናል።

ባለፈው ነሐሴ፣ ከየካ ወደ መገናኛ በሚወርደው መንገድ ላይ ሱቅ ያላት ጎረቤቴ በዝናብ መጥታ በሬን አንኳኳች። ልብስና መጫወቻ የሚከተትባቸው ባለክዳን የጨርቅ ሣጥኖች አስመጥታ ጉምሩክ መጋዘን ውስጥ ተይዘውባታል።

«በጨርቅ ውጤት አስመዘገብሽ እንጂ ፈርኒቸር ነው፤ ሐሰተኛ ዲክላራሲዮን አቅርበሻል አሉኝ። ጋሼ፣ እኔ ወንበር አስመጣሁ እንዴ?»

ናሙናውን ከፌስታል አወጣች። በጣቴ ጫን አልኩት። በጨርቁ መሐል ያለው ካርቶን ብቻ ነው፤ ሲታጠፍ እንደ ደብተር ይተኛል።

«ይህን የመደበው ሰው ዕቃውን በእጁ አልነካውም» አልኳት፤ በማግስቱም አብሬያት ወደ ጉምሩክ ቢሮው ሄድኩ።

የመደበው ባለሙያ ቀድሞ ያሠለጠንኩት ሆኖ ተገኘ። ተነሥቶ ወንበር ሰጠኝ፤ ጡረታው ተስማምቶዎታል አለኝ። ጉዳዩን ስነግረው ግን ከፋይል ውስጥ አንድ ፎቶ ኮፒ መዝዞ ፊቴ አኖረ።

«በእርስዎ ማብራሪያ ነው የሠራሁት፣ ጋሼ።»

ፊርማው የእኔ ነው። «ከጨርቅ የተሠራ፣ በራሱ የሚቆም፣ የቤት ውስጥ ዕቃ ማስቀመጫ በፈርኒቸር ይመደባል» ይላል። የጻፍኩት የብረት ዘንግ ላይ ጨርቅ ለብሰው በዚፕ ለሚዘጉት ቁም ሣጥኖች ነበር። ስጽፍ ብረቱ በዓይኔ ፊት ነበር፤ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ግን አልነበረም።

«ይህ እኮ ስለ ቁም ሣጥን ነው» አልኩት።

«ቁም ሣጥን አይልም።»

«አንተ ራስህ ዕቃውን አላየኸውም?»

«አይቻለሁ። ይቆማል» ብሎ ናሙናውን ጠረጴዛው ላይ አቆመው። ቆመ።

«ዓይን የለህም እንዴ?»

«ዓይናችሁን ሳይሆን ጽሑፉን እመኑ ያሉን እርስዎ ነዎት።»

ጎረቤቴ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ በንዴት ጆሮዬ ጋለ። እሱ በጨዋነት፣ ሐሙስ ለሚሰበሰበው አጣሪ ኮሚቴ በጽሑፍ ማመልከት እንደምትችል ነገረን።

አመልካቿን ወክዬ ሦስት ገጽ ጻፍኩ። ማብራሪያው ግልጽ ሆኖ ሳለ ባለሙያዎች አጣመው እንደተረጎሙት በዝርዝር አስረዳሁ። ሱቋ ወስጄ ሰጠኋት፤ በደንበኞች መሐል ቆማ አነበበችው።

«ጋሼ፣ ይሄ ስለ ሣጥኖቼ ነው ወይስ ስለ እርስዎ?»

«ስለ ሁለቱም ነው።»

«እንግዲያው የእኔን ያስቀድሙ። ሰው ሣጥን የሚገዛኝ ለዘመን መለወጫ ቤቱን ሲያሰናዳ ነው። በዓሉ ካለፈ ለማን ልሸጠው? ደግሞ ሐሰተኛ የሚለው ነገር ስሜ ላይ ከቀረ ሁለተኛ ማን ያስገባልኛል?»

በሥራ ዘመኔ ረቂቅ የመለሰብኝ ሰው አልነበረም። በባሕር ዛፉ መሐል ዳገቱን ስወጣ ከእሷ ጋር ስከራከር ነበር፤ ሁሉንም መልስ እኔ ብናገርም አላሸነፍኳትም። ቤት ገብቼ ሦስቱን ገጽ ቀደድኩ። የዕቃውን አሠራር በአራት መስመር ገልጬ ይህን አከልኩበት፦ «ማብራሪያውን ስጽፍ የብረት ዘንጉን መጥቀስ ሲገባኝ አልጠቀስኩም። ስሕተቱ የእኔ እንጂ የአስመጪዋ አይደለም።» ያቺን አጭር መስመር ለመጻፍ ከሦስቱ ገጾች የበለጠ ጊዜ ወሰደብኝ።

ኮሚቴው ሣጥኖቹን በጨርቅ ውጤት መደባቸው፤ ሐሰተኛ የተባለውም ተሰረዘላት። በዓሉ ሳይደርስ ሱቋ ደጃፍ ተደርድረው አየኋቸው። የእኔ ማብራሪያ ተሻረ፤ የሚተካውን የጻፈው ያው ያሠለጠንኩት ባለሙያ ነው። አንብቤዋለሁ። ብረቱን ጠቅሷል። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገሩ ግን ከሚገባው በላይ ረዝሟል፤ ከማውጣቱ በፊትም እስቲ ይመልከቱልኝ አላለኝም።